ጦር ያለፈበት ደጃፍ

ጦርነትን የምናስታውሰው ውጊያ በተደረገበት ቦታ ነው። ዓድዋን ስናነሣ ተራሮቹን እንጠራለን፤ ማይጨውን ስናነሣ የመርዝ ጋዝ የወረደበትን ሜዳ እናስባለን። ወታደር ግን ከሚዋጋበት ቀን ይልቅ የሚጓዝበት ቀን ይበልጣል። ዓፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥተው የካቲት 23 ቀን ድሉ እስኪገኝ ድረስ መካከሉ አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። አምባላጌና መቀሌ ላይ ውጊያ ነበር፤ የቀረው ቀን ሁሉ መንገድ ነው። ማለዳ ድንኳን መንቀል፣ አጋሰስ መጫን፣ ዳገት መውጣት፣ ወንዝ መሻገር፣ ውሃ ካለበት ሜዳ ደርሶ መስፈር፣ ሊጥ ማቡካት፣ የቆሰለ እግር ማሸት፣ በነጋታውም ያንኑ መድገም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አብዛኛው ጠላቱን ፊት ለፊት ያየው ለጥቂት ሰዓት ነው፤ የየአገሩን ገበሬ ግን ከሸዋ እስከ ትግራይ በየቀኑ ሲያይ ከርሟል። ገበሬውም ከደጁ ቆሞ እርሱን ሲያይ ከርሟል።

ለውጊያው ሐውልት አለን። ለዚህ መተያየት ግን የለንም።

በ2006 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች ይህን የተዘነጋ ክፍል በእግራቸው ሊያነሡት ወጡ። ጉዟቸውን «ጉዞ ዓድዋ» አሉት። መንግሥት አላዘዛቸውም፤ አበል የሚቆርጥላቸውም አልነበረም። ከአዲስ አበባ ምኒልክ አደባባይ ተነሥተው በደብረ ብርሃን፣ በወሎ፣ በማይጨው፣ በመቀሌ አድርገው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ተጉዘው ለየካቲት 23 ዓድዋ ገቡ። በሚቀጥሉት ዓመታት ሌሎች ተከተሏቸው፤ በየከተማውም ሰው እየወጣ ተቀበላቸው፣ አበላቸው፣ አሳደራቸው። እኔ ከዚህ ጉዞ የማደንቀው ጽናቱን ብቻ አይደለም። ታሪክን በመኪና ከሚያልፉት ሰዎች እጅ አውጥተው በእግር ለሚሄደው ሰው መልሰው መስጠታቸውን ነው። በእግሩ የሄደ ሰው አንድ ነገር በአካሉ ይማራል፤ ሠራዊት የሚባለው ነገር ሲርበው ከሰው ደጅ የሚቆም፣ ሲመሽበት የሰው ማሳ ላይ የሚተኛ ብዙ ሺህ ሰው መሆኑን።

በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ። በእግር የሚጻፍ መታሰቢያ ይህ ድካም አለበት፤ መንገዱ ሲቆረጥ እርሱም ይቆረጣል። እኔም ስለ ድንጋይ ማሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ስለ ትልቅ ሐውልት አይደለም፤ ከመንገድ ዳር ስለሚቆም፣ እረኛ ሊደገፈው፣ መንገደኛ ሊያርፍበት ስለሚችል፣ ሰው ሳይኖርም እዚያው ስለሚጠብቅ ትንሽ የተጻፈበት ድንጋይ ነው። ሐሳቤም ወደ ሰሜን አልሄደም። ሰሜን ቢያንስ የሚጓዝለት ሰው አግኝቷል። ሐሳቤ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አምቦ መንገድ ሄደ።

ከአዲስ አበባ የሚወጣው የምዕራብ መንገድ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪ አድርጎ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ሲል አምቦ ይገባል፤ ከዚያ ጉደርን ተሻግሮ በጌዶ በኩል ወደ ባኮና ወደ ነቀምቴ ይቀጥላል። ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም ያለው ክፍል በአገሪቱ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበርና። ባሕር ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ሲያቃልል ሐሳቡ ቀረ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከአዲስ ዓለም ወዲያ ሜዳው ይዘረጋል። የጊንጪ ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል። አዋሽ የሚመነጨው በዚያው በጊንጪ አቅራቢያ ካለው የደንዲ ከፍታ ነው። ወደ አምቦ ሲቃረቡ ግን ውሃው ፊቱን ያዞራል፤ የሁሉቃ ወንዝ ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በአንድ መንገድ ላይ እግረኛ ሁለቱን ያቋርጣል፤ አንደኛው በአፋር በረሃ የሚቀር ውሃ ነው፣ ሁለተኛው ባሕር የሚደርስ።

በዚህ መንገድ ስንት ጦር አለፈ? ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣልኝ በሽንፈት ወራት ያለፈው ነው።

በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሲከፈት አሠልጣኞቹ ስዊድናውያን መኮንኖች ነበሩ፤ አለቃቸውም ቪኪንግ ታም ይባል ነበር። ተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነቡ፣ ብዙዎቹ ገና ጢም ያላወጡ ልጆች ናቸው። ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰባቸው። ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከተሸነፈ በኋላ የጣሊያንን ግስጋሴ ጣርማበር ላይ እንዲያስቆሙ ተላኩ፤ የሚያስቆሙት አልነበረም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ከእነዚያ ልጆች የቀሩት ወደ ምዕራብ ዞሩ። ክረምት ሊገባ ነው። ዋና ከተማቸው ተይዟል፣ ንጉሣቸው በባሕር ላይ ናቸው፣ በስተኋላቸው የሚከተላቸው ታንክና አውሮፕላን አለ። የሚሄዱበት አገር ገበሬ ደግሞ ማን እንደሆኑ፣ ሽፍታ ይሁኑ የመንግሥት ጦር፣ የሚያውቅበት ምክንያት የለውም።

ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት እነዚህና ከእነርሱ ጋር የሸሹ የተማሩ ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ፣ ኮሎኔል በላይ ኃይለአብ፣ ክፍሌ ነሲቡ፣ ይልማ ደሬሳ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከስማቸው የሚነሡት ናቸው። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት አጥቅተው አቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉ ጀኔራል ማልዮኮም እዚያው ሞተ። በኋላ ከጦር መሪው ከራስ እምሩ ጋር ሆነው ወደ ደቡብ ተጉዘው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ፤ እጅ ሰጡ። የካቲት 12 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ብዙዎቹ ተለቅመው ተገደሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከአውሮፕላኖቹ ቃጠሎ ይልቅ ልቤን የሚይዘው ሌላ ነው። ማኅበሩ አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ነበረው። ጦሩ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ ያዝዛል፤ ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ያዝዛል፤ ገበሬ እንዳይበደልም ይከለክላል። ይህን ሦስተኛውን ቆም ብዬ አስበዋለሁ። አገር ፈርሷል፤ በጀት የለም፤ ስንቅ የሚልክ ግምጃ ቤት የለም። በዚህ ሰዓት አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ፣ ምናልባት በኩራዝ ብርሃን፣ የተራበ ጦራቸው የባላገሩን ጎተራ እንዳይደፍር ሕግ ይጽፋል። ሕጉ ሁልጊዜ ተከብሮ ይሆናል አልልም። የተራበ ወታደር ሕግ ሲጠብቅ ታሪክ ብዙ አላሳየንም። ግን ጻፉት። በመንገዱ ዳር ስላለው ሰው አሰቡ። ለእኔ በምዕራብ መንገድ ላይ ለሚቆም የመጀመሪያ ድንጋይ ይህ አንቀጽ ብቻውን ይበቃዋል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ገበሬ ከጦር ጋር የኖረውን ኑሮ ማወቅ ያስፈልጋል። በድሮው ሥርዓት ወታደር ደመወዙ የገበሬ ቤት ነበር። ተሰሪ ይባላል፤ በባላገር ቤት ይመደባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ፈረሱን ያስቀልባል፣ ሚስቲቱ ትፈጭለታለች። አንዳንዱ እንግዳ ሆኖ ኖረ፤ ብዙው ጌታ ሆነ። ምኒልክ በኋላ ገበሬው አሥራት እንዲከፍልና ወታደሩ ከጎተራ እንዲሰፈርለት ያዘዙት ይህ መከራ ከልክ በማለፉ ነው። ዓድዋም የተዘመተው ከክፉ ቀን ማግሥት ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት ያህል ከብት አልቆ፣ ማረሻ የሚጎትት በሬ ጠፍቶ፣ ሰው በየመንገዱ ወድቆ ነበር። ከዚያ ገና ቀና ያለ ገበሬ ነው በ1888 ዓ.ም. እህል ያወጣው፣ በሶና ቆሎ ያዘጋጀው፣ በሬ የነዳው፣ ልጁን የላከው። ድሉን ስናከብር ይህን ያህል ነገር ከየትኛው ጎተራ እንደወጣ ብንጠይቅ ክብሩ አይቀንስም። የሚጨምር ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ግን የአምቦ መንገድ ከሰሜኑ ይለያል። የሰሜን መንገድ ላይ የሚሄዱ ወጣቶች ለአንድ ዘመቻ መታሰቢያ ይጓዛሉ፤ ዘመቻውም የውጭ ወራሪን ለመመለስ የተደረገ ነው። በአምቦ መንገድ ያለፈው ጦር አንድ አይደለም፤ የሁሉም ትዝታ በአንድ ልብ አይታሰብም። ከዓድዋ በፊት፣ በ1870ዎቹ፣ በራስ ጎበና ዳጬ እየተመራ የሸዋ ጦር ወደ ሜጫና ከዚያ ወዲያ ሲዘምት የሄደው ወደዚሁ አገር ነው። ለአንዳንዱ ያ አገር የተሰበሰበበት ዘመን ነው። ለሌላው መሬቱ የተወሰደበት፣ ገባር የሆነበት፣ አያቱ የተማረከበት ዘመን ነው። ሁለቱም በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ቤት። በዚህ መንገድ ዳር «ጀግናው ጦር በዚህ አለፈ» ብሎ ዝም የሚል ድንጋይ ቢቆም ከጎረቤቶቹ ግማሹን ዝም ያሰኛል።

ደግሞም የሰው ዕጣ ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ የበለጠ የተወሳሰበ ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተማረኩት የምኒልክ ጦር ጨቦ በዘመተ ጊዜ ነው። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ቆስለው የተገኙ የዚያው አገር ልጅ ናቸው። ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ የሄደው ጦር የማረካቸው እነዚህ ሁለት ልጆች በ1888 ዓ.ም. ከማራኪዎቻቸው ጋር ወደ ሰሜን ተጓዙ። ባልቻ በመድፍ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ በጦር መሪነት ስማቸው ገነነ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሀብተ ጊዮርጊስ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ ጅባትና ሜጫንም ገዙ። ባልቻ በሽምግልናቸው ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣ እጅ አልሰጥም ብለው ሲዋጉ ወደቁ። የእነዚህን ሰዎች ሕይወት በአንድ ዓረፍተ ነገር ድል ወይም በአንድ ዓረፍተ ነገር በደል ብሎ መዝጋት አይቻልም። ሁለቱም መንገዶች በአንድ ሰው እግር ተሄደዋል። ድንጋዩ ሁለቱንም ካላለ ባልቻን አላወቀም።

ከጌዶ ወዲያ፣ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ ኦዳ ቢሲል አለ። የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ የተሰበሰበበት፣ ሕግ የተደነገገበት ቦታ ነው። ሜጫ ወደ ምዕራብ የተስፋፋውም ከዚያ እየተነሣ ነው፤ ያም የራሱ ጉዞ፣ የራሱ ዘመቻ ነበረው። ምልክቱ ዛፍ ነው። ማንም ጽሑፍ አልለጠፈበትም፤ ሕዝቡ ግን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቦታውን አልሳተም። ስለ መንገድ ዳር ምልክት ሳስብ ከዚህ የምማረው ቦታን የሚያቆየው ምልክቱ የተሠራበት ነገር እንዳልሆነ ነው። በሥሩ የሚሰበሰብ ሰው ባይኖር ዛፉ ለማገዶ ይሆን ነበር። ድንጋይም እንዲሁ ነው፤ በዓመት አንድ ቀን የሚመጣበት ሰው ከሌለ ለግንብ አጥር ይፈለጣል።

ጃገማ ኬሎን ሳላነሣ የአምቦን መንገድ መጻፍ አይሆንልኝም። የተወለዱት በ1913 ዓ.ም. በደንዲ፣ ጊንጪ አካባቢ ነው። ጣሊያን ሲገባ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የሆለታ ልጆች የጦር ትምህርት ነበራቸው፤ ይህ ልጅ ያለው ፈረስና የአገሩን ገደል፣ ጫካና መሻገሪያ ማወቅ ነው። ጦራቸው የሄደው በዋናው መንገድ አይደለም። ዋናውን መንገድ ሲጠብቅ የነበረው ጣሊያን ነው፤ የአርበኛው መንገድ ከዚያ ጎን ለጎን፣ በማሳ ድንበር፣ በወንዝ ዳር፣ በሌሊት ነው። እንደ መብረቅ ይወርዱ ነበርና «የበጋው መብረቅ» ተባሉ። አምስቱን ዓመት የኖሩት ማን ስላበላቸው ነው? የሚያሳድሯቸው ቤቶች ስለነበሩ ነው፤ ጣሊያን ቢደርስበት የሚያቃጥላቸው ቤቶች። በኋላ ጀኔራል የሆኑት ጃገማ በ2009 ዓ.ም. በዘጠና ስድስት ዓመታቸው ሲያርፉ በክብር ተቀበሩ፤ ይገባቸዋል። በሌሊት በር የከፈተችው ሴት ግን በየትኛው ገጽ ላይ ናት? የሴቶቹን ሥራ ሳስብ ሸዋረገድ ገድሌ ትዝ ይሉኛል። ለአርበኛ መረጃና ስንቅ ሲያቀብሉ ተይዘው ተደብድበዋል፣ ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል፤ ተመልሰውም በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተደረገው ውጊያ ተሰልፈዋል። የእርሳቸው ስም ተርፏል። የብዙዎቹ አልተረፈም።

በሌላው ዓለም የጦር ጉዞን በመንገድ ምልክት የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ። ከሁሉ የምወደው የአሜሪካኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 የፈረንሳዩ ጀኔራል ሮሻምቦ ጦሩን ይዞ ከሮድ አይላንድ ተነሥቶ ከጆርጅ ዋሽንግተን ጦር ጋር ተገናኝቶ እስከ ቨርጂንያ፣ እስከ ዮርክታውን ወረደ፤ እዚያም እንግሊዞች ተሸነፉ። መንገዱ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከጉዞ ዓድዋ ጋር የሚቀራረብ ርቀት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በየግዛቱ ያሉ ታሪክ ወዳድ በጎ ፈቃደኞች ጦሩ የሰፈረበትን ሜዳ፣ የተሻገረበትን ወንዝ በደብዳቤና በካርታ እየፈለጉ በየመንደሩ ምልክት አቆሙ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. መስመሩ በሕግ ብሔራዊ የታሪክ መንገድ ሆነ። በዚያ ጉዞ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ የፈረንሳይ ጦር ለገበሬው እህልና ድርቆሽ በብር ገንዘብ ይከፍል ነበር። የመንደር ሰው የሮሻምቦን የመድፍ ብዛት ረስቶ ይህን አቆየ። በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ1944 የነጻ አውጪው ጦር ያለፈበት መንገድ ከፈረንሳይ ኖርማንዲ እስከ ቤልጂየም ባስቶኝ በየኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ቆሞለታል። ግን የመጀመሪያው ድንጋይ የእኛ ነው በሚል ሁለት ቦታዎች ስለተከራከሩ አንዱ ዜሮ፣ ሌላው ዜሮ ዜሮ ተብለው ቀሩ። ነጻ የወጣ ሕዝብ እንኳ በድንጋይ ይጣላል። በእኛ አገርማ ጥሉ ከዚህ የከፋ እንደሚሆን አውቃለሁ።

የከፋም ስለሆነ ነው እንዲህ ጥንቃቄ የምለምነው። በዚህ መንገድ ዳር የሚኖር ወጣት «ጉዞ» ሲባል ከጥቁር አንበሳም ከራስ ጎበናም በፊት የሚመጣለት ሌላ ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ጦር መሣሪያ ያልያዙ ተማሪዎችና ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ። አምቦ ላይ ጥይት ተተኮሰባቸው፤ ሰው ሞተ። ከጊንጪ የተነሣው ደግሞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ብዙ ሕይወት ጠፋ። ጉዞ ዓድዋ የተጀመረበትና አምቦ ያነባበት ዓመት አንድ ዓመት መሆኑን ሳስብ ዝም እላለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአንድ አገር ልጆች በሁለት መንገድ በእግር ወጡ፤ አንዱን ወገን በእልልታ ተቀበሉት፣ ሌላው ወገን ሬሳውን አነሣ። ከዚያ ወዲህም የጦር መኪና ከዚህ መንገድ አልጠፋም። እናቶች የሚያውቁት ጦር በመጽሐፍ ያለው አይደለም፤ ባለፈው ዓመት፣ ባለፈው ወር ያለፈው ነው። ለእነዚህ ሰዎች የ1928ቱን ጉዞ ብቻ ነግሮ መሄድ የሚጎዳ ይመስለኛል።

ታዲያ ድንጋዩ ይቆም ወይስ ይቅር? እኔ ይቁም ባይ ነኝ። ቁመቱ ከሰው ጉልበት ብዙ አይብለጥ። ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን፤ ከላይ አፋን ኦሮሞው ይምጣ፣ የሚያነበው የዚያ ሰፈር ልጅ ነውና። የጀኔራል ስም ካለበት የወንዙም ስም ይኑርበት፤ ጦሩ ያደረበት የማሳው ባለቤት ስም ከታወቀ የእርሱም ይኑርበት። በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ጦር ካለፈ ሁለቱም ይጻፉ። በ2006 አምቦ ላይ የወደቁት ልጆች ስም ወላጆቻቸው በሚፈቅዱት ቦታና ቃል ይጻፍ፤ ማንም ሌላ ሰው አይወስንላቸው። ከሁሉ በላይ ግን ድንጋዩ የሚቆምበት ደጃፍ የማን እንደሆነ ይጠየቅ። አንድ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በር አንኳኩቶ፣

«አዴ፣ በዚህ ደጃፍዎ በጣሊያን ጊዜ ጦር አልፏል ይባላል። ማስታወሻ ድንጋይ ብናቆም ይፈቅዱልናል?» ቢል፣ ሴትዮዋም፣

«የየትኛው ጦር ነው ልጄ? በዚህ ስንቱ አልፏል» ብለው ቢመልሱ፣ መታሰቢያው ያን ጊዜ ተጀመረ እላለሁ። ተማሪው ደብተሩን አውጥቶ ቢቀመጥ፣ ቡና ቢፈላ፣ አማታቸው የነገሯቸውን ቢያወሩለት፣ ድንጋዩ ገና ከካባ ሳይወጣ የሚጻፍበት ተገኘ ማለት ነው።

ይህ እንደማይሆን ሕልም እንዳይታይብኝ አንድ ነባር ምሳሌ ልጥቀስ። በአገው ምድር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዓድዋ ጦርነት የተሳተፉትንና የወደቁትን ፈረሶች ለማሰብ ነው። ጣሊያን ገና አገሩ ላይ እያለ መሆኑን ልብ ይሏል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ እንጅባራ ይሰበሰባሉ፤ ጉግስ ይጫወታሉ። ማኅበሩ ግን ከበዓሉ ያልፋል፤ አባላቱ ይረዳዳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው መታሰቢያ በበጎ ፈቃድ ይህን ያህል የቆየው ከዓመት ዓመት የሚያገለግለው የጎረቤት ጉዳይ ስላለው ነው ብዬ አምናለሁ። ምዕራብ ሸዋም የፈረስ አገር ነው፤ የፈረሰኛም ማኅበራዊ ኑሮ አልጠፋበትም። ከሆለታ እስከ ጉደር ያለውን መንገድ የሚጠብቁ ሰዎች ከሌላ ቦታ መምጣት የለባቸውም።

የመጀመሪያው ድንጋይ የት ይቁም ብለው ቢጠይቁኝ ሆለታ ወይም አዲስ ዓለም አልልም። ሁለቱም ታሪካቸውን የሚናገር ግንብ አላቸው። በጊንጪና በአምቦ መካከል፣ ውሃው ወደ አዋሽና ወደ ጉደር በሚለያይበት ከፍታ፣ ስሙ የተመዘገበ ውጊያ በሌለበት አንድ ተራ የገበሬ ደጃፍ ላይ እመርጣለሁ። ጦር ሁሉ ያለፈው በእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ጊዜው ግን አጭር ነው። በ1928 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ካለ ዕድሜው መቶ ዓመት ገደማ ነው። በራሱ ዓይን ያየ ሰው የቀረው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሰሙት ልጆች ግን ገና ሰባና ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ቡና ያፈላሉ፣ በሬ ያስጠምዳሉ። ለእነርሱ የሚቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው፤ በዚህ ያለፈው ጦር ከቤታችሁ ምን ወሰደ፣ ምንስ ተወ? ይህን በኦሮምኛ ጠይቆ መልሱን ሳይቆርጥ የሚጽፍ ተማሪ በአምቦም፣ በጊንጪም፣ በጌዶም አለ። ድንጋይ ጠራቢውን የሚፈልገው ከደብተሩ በኋላ ነው።